ዋስ ያልተጠራበት ቃል

ባለቤቴ የሞተው አንድ ንጉሥ ለቅድመ አያቱ የሰጠውን ቃል አምኖ ነው። ይህን ስል ሰዎች ሐዘን አእምሮዬን የነካው ይመስላቸዋል። ንጉሡ ከሞተ ስንት ዘመን ሆነው፤ ባለቤቴን የገደሉትም ያን ንጉሥ የማያውቁ፣ ጢማቸው ገና ያልጠነከረ ልጆች ናቸው። ቢሆንም እውነቱ ይኸው ነው። በዝግታ እጽፈዋለሁ። ስቸኩል ቁጣዬ ይቀድመኛል፤ ወረቀቱ ላይ የሚቀረውም እርግማን ብቻ ይሆናል።

እኔ የብቸና ልጅ ነኝ፤ ተድሬ የመጣሁት ሞጣ ነው። ሁለታችንም የተወለድነው ከሙስሊም ነጋዴ ቤት ነው። የእሱ ሰዎች ቀድሞ ጨው በበቅሎ ያመላልሱ ነበር፤ በኋላ ወደ ጨርቅ ዞሩ። እኔ ሳገባው ከታናሽ ወንድሙ ጋር ገበያው ዳር ሱቅ ነበራቸው። ያ መንገድ እስካሁን የእኛው ሰዎች መንገድ ነው፤ ሱቅ ከሱቅ ተያይዞ፣ ሁሉም ወይ ዘመድ ወይ አማች።

ዒድ በመጣ ቁጥር በአማቴ ቤት አንድ ታሪክ ይነገር ነበር። የሚናገሩት ወንዶቹ ናቸው። በአንድ የአመፅ ዘመን ነው አሉ፤ ዓባይ ዳር አንድ ባላባት ሸፍቶ አገሩ ለሁለት ተከፍሏል። በእንዲህ ያለ ጊዜ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ነጋዴ ነው፤ ከነጋዴም እስላሙ። ንጉሡ ዘንድ ያሉት «ለሽፍታው ስንቅ ያቀብላል» ይሉታል፤ ሽፍታው ዘንድ ያሉት «የንጉሡ ጆሮ ነው» ይሉታል። ቅድመ አያቱ አገር ለቅቆ ሊሄድ በቅሎዎቹን ጭኖ ሳለ፣ በገበያ ቀን ነጋሪት ተጎሰመ። ክርስቲያኑም እስላሙም የንጉሡ ልጅ ነው፣ ሁሉም በየሃይማኖቱ ይደር፣ በሰላም ይነግድ፣ ሰውን በሃይማኖቱ የነካ ንጉሡን እንደ ነካ ይቆጠራል ተብሎ ታወጀ። ቅድመ አያቱ ጭነቱን አራገፈ። ያን ቀን ሙክት አርዶ ልጆቹን ሰብስቦ፣ ከእንግዲህ የሚነካቸው ቢኖር «በንጉሥ አምላክ» እንዲሉትና ባለበት እንደሚቆም ነገራቸው።

የትኛው ንጉሥ እንደሆነ ቤተሰቡ አልተስማማም። አጎትየው አንዱን ይጠራል፣ የአጎት ልጁ ሌላውን፤ በዒድ ቀን ሥጋው እስኪቀዘቅዝ ይከራከራሉ። ባለቤቴ ሲጠየቅ «ንጉሡ ነዋ» ብሎ ያልፈው ነበር። ለእሱ ቁም ነገሩ ስሙ ሳይሆን ቃሉ ነበር።

አማቴ ታሪኩ እዚህ ሲደርስ ከጓዳ ድምፃቸውን ያሰማሉ።

«በቅሎዎቹንስ?»

ወንዶቹ ያልሰሙ ይመስላሉ።

«በቅሎዎቹን ምነው ዘለላችኋቸው? ጥበቃውም የጭነት ከብቱም የታወጀው በአንድ ቀን ነው። የአያቶቻችሁ በቅሎዎች ለንጉሡ ጦር ያኑ ዕለት ተነድተው ሄዱ። ጥበቃው መንገዱ ረዝሞበት ነው መሰል፣ ይኸው እስካሁን ይመጣል እንላለን።»

«እማማ፣ ንጉሥ እኮ ነው» ይላል ባለቤቴ እየሳቀ።

«ንጉሥ ስለሆነማ ወሰደ አልሁ። ሌላ ሰው ቢሆን ሌባ እለው ነበር።»

ሁሉም ይስቃል። እኔም እስቅ ነበር፤ አዲስ ሙሽራ ሳለሁ ግን አማቴን ጓዳ ተከትዬ ገብቼ ከዚያስ ምን ሆነ ብዬ ጠየቅኋቸው። ሳህን እያጠቡ ነገሩኝ። ሽፍታው እጁን ሰጠ፤ ንጉሡ ድንኳኑን ነቅሎ ሄደ፤ በሁለተኛው ክረምት የመንገዱ ቤቶች ተቃጠሉ። ቅድመ አያቱ ሊሸሽ ሲል መጫኛ ከብት አልነበረውም። ሬሳ የሚቀበርበትን መሬት እንኳ «የእናንተ አይደለም» ተብለው ብዙ ጊዜ ተከራከሩ። «እንግዲህ ይኼን በዒድ ቀን አይናገሩትም» አሉኝ፤ «ምግብ አይጥምማ።»

ባለቤቴ ያደገው ከጓዳ የሚነገረውን ጭራ እየሰማ ቢሆንም፣ የወሰደው የወንዶቹን ራስ ብቻ ነው። ንጉሥ ቀርቶ ዘመን ሲቀየር ቃሉን «በሕግ አምላክ» አደረገው፤ እምነቱ ግን ያው ነበር። አንድ የገበያ ቀን ሁለት ገበሬዎች በበግ ተጣልተው ዱላ ሲማዘዙ ከሱቅ ወጥቶ መሃላቸው ገባ። «በሕግ አምላክ» አለ፤ ጮክ ብሎ እንኳ አይደለም። ሁለቱም ዱላቸውን አወረዱ። አንደኛው እያለከለከ «ጋሼ ባይሆኑ ኖሮ አንጎሉን ነበር የማፈሰው» አለ። ባለቤቴ ምሳውን እንደዚያ ቀን አጣጥሞ በልቶ አያውቅም።

«አየሽ?» አለኝ። «ቃሉ ይሠራል።»

«ስለሚያውቁህ ነው የቆሙት፤ ሚስቶቻቸው ካንተ ጨርቅ በዱቤ ይወስዳሉ።»

«የለም፤ ቃሉ ነው።»

ይህን ለአባቴ ብቸና ሄጄ አወራሁት። አባቴ ሲነግድ ኖሮ በሽምግልናው ሥራው የሰው ክርክር ማዳመጥ ሆኖ ነበር፤ ፍርድ ቤት ደጃፍ ያለው ዛፍ ሥር ተቀምጦ ይውላል፤ ነገር የጠፋበት ሁሉ እሱን ይጠይቃል። አልሳቀም።

«ባልሽ ደግ ሰው ነው። ነገር ግን ሰውን የሚያቆመው ቃል አይደለም፤ ከቃሉ ኋላ የቆመው ነው። ለዚህ ነው የድሮ ሰው ዋስ ጥራ የሚለው።»

ዋስ ያጣ ተከሳሽ እንዴት ይደረግ እንደነበረ ልጅ ሆኖ ያየውን ነገረኝ። የከሳሹና የተከሳሹ ኩታ ጫፍ ለጫፍ ይቋጠራል፤ ይህ መቆራኘት ነው። ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ አብረው ይሄዳሉ፣ አብረው ይበላሉ፣ አንዱ ሲደናቀፍ ሌላው ይወድቃል። ባለቃሉ ሰው ቃሉን ጥሎ እንዳይሄድ ሥጋውን መያዣ ያደርጉታል።

«ንጉሥስ ዋስ ይጠራል?» አልሁት።

«ንጉሥን ዋስ ጥራ የሚል አፍ ያለው ማን ነው? የንጉሥ ቃል ትልቅ የሚመስለውም ለዚሁ ነው፤ የሚያስይዘው የለማ።»

አባቴ ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም። ባለቤቴ ግን ቃሉን ይዞ ቆየ፤ አሁን እስካለው ጦርነት ድረስ።

መንገዱ አንድ ሳምንት ይከፈታል፣ አንድ ወር ይዘጋል። በአንዱ የተከፈተ ሳምንት ባለቤቴ ደጀን የተራገፈ ጨርቅ ሊያመጣ ሄደ። ሹፌሩ የጎረቤታችን ሰው ነው፤ ክርስቲያን ነው፤ ለብዙ ዓመት አብረው ተመላልሰዋል። በአይሱዙው ጭነው ብቸናን አልፈው ወደ ሞጣ ሲመጡ ጠመንጃ የያዙ ሰዎች አስቆሟቸው። የሆነውን የነገረኝ ሹፌሩ ነው፤ በለቅሶው ሦስተኛ ቀን መጥቶ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ።

«ውረዱና ተኙ አሉን። እኔ ተኛሁ። ጋሼም ተኙ። ጨርቁን ማውረድ ጀመሩ። አንደኛው ጋሼን ስማቸውን ጠየቃቸው። ሲነግሩት በሃይማኖታቸው ሰደባቸው። የተለመደ ስድብ ነው እትዬ፤ እኔ ብሆን አልፈው ነበር። ጋሼ ተነሡ። ልብሳቸውን አራገፉ። 'ይተኙ ጋሼ' አልኋቸው። አልሰሙኝም። 'በሕግ አምላክ' አሉት፤ 'ዕቃውን ውሰድ፤ ሰውን በሃይማኖቱ መስደብ ግን ነውር ነው' አሉት።»

«እሱስ ምን አለ?»

«'የማን ሕግ?' አላቸው።»

«ባለቤቴስ?»

«ምንም አላሉ እትዬ። ጥያቄ እንደተጠየቀ ሰው ነበር የሚያስቡት። እያሰቡ ሳሉ ተኮሰ።»

ያ ዝምታ ነው እኔን የሚያቃጥለኝ። ባለቤቴ ተጠይቆ መልስ የሚያጣ ሰው አልነበረም። የሕግ ስም ጠራ፤ የማን ነው ሲባል ግን የሚጠራው ሰው አጣ። በየዒዱ ሥጋ እየበሉ ያን አዋጅ የተረኩለት ሁሉ ለዚያች አንድ ጥያቄ መልስ አላስያዙትም። ተኝቶ ቢሆን ኖሮ ጨርቁ ይሄድ ነበር፤ እሱ ይመጣ ነበር።

ገዳዮቹ የማን እንደሆኑ አልጽፍም፤ አላውቅምና። የመንግሥት ሰዎች የጫካዎቹ ናቸው አሉ። የጫካዎቹ የእኛ አይደሉም ብለው ላኩ። ሁለቱም ወገን ሐዘናችን ከባድ ነው አለ። የማንም ያልሆነ ጥይት ነው ባሌን የገደለው።

ኢዳዬን፣ ባሏ የሞተባት ሴት ከቤት የማትወጣበትን ጊዜ፣ ቤት ተቀምጬ ጨረስሁ። ከክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ሊጠይቀኝ ሳይመጣ የቀረ አንድም የለም። እድሩ የጋራ ነው፤ ድንኳኑን የተከሉት እነሱ ናቸው። ይህን የምጽፈው እውነት ስለሆነ ነው እንጂ፣ በኋላ መድረክ ላይ እንደተደረገው የአብሮነት ማስረጃ እንዲሆን አይደለም። ጎረቤት ጎረቤቱን ይቀብራል፤ ይኸው ነው።

ኢዳዬ እንዳለቀ ዋርሳዬ፣ የባለቤቴ ታናሽ ወንድም፣ መጣ። የከተማው አስተዳደር የሰላም ኮንፈረንስ ሊያደርግ ነው አለኝ፤ እኔም እንድናገር መጠየቄን ነገረኝ።

«ምን ልናገር?»

«የቅድመ አያታችንን ታሪክ። አዋጁን። ድሮም በአመፅ ዘመን መንግሥት እኛን እንደጠበቀ፣ አሁንም እንደሚጠብቅ። ወንድሜም በዚያ እምነት እንደሞተ። የእሱ ሚስት ብትናገረው ሰው ያለቅሳል አሉ።»

«ሰው ቢያለቅስ ምን ይጠቅማቸዋል?»

«እታለም፣ እኔን አትጠይቂኝ። የአስተዳደሩ ኃላፊ ራሱ ነው የነገረኝ። መንገዳችን ላይ ጥበቃ እናቆማለን ብሏል። ካልመጣች ግን ቂም ይዘዋል ይባላል አለኝ። ቂም ይዘዋል ከተባልን ደግሞ ያ መንገድ ምን እንደሚሆን አንቺም ታውቂያለሽ።»

አውቅ ነበር። የሁላችንም እንጀራ በዚያ መንገድ ነው። እምቢ ብል አሥር ቤት ይፈራል፤ እሺ ብል የባሌን ሬሳ ለሁለተኛ ጊዜ ለዚያው ቃል አስረክባለሁ። ዋርሳዬን እሄዳለሁ አልሁት። ምን እንደምናገር ግን አልነገርሁትም። ሳልዋሽ እንደወጣሁ ይቆጠርልኝ።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። መድረኩ ላይ የታሸገ ውሃ ተደርድሯል። ኃላፊው ተነሥቶ ተናገረ። ንግግሩ አዲስ ነገር አልነበረውም። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የአንድ አገር ልጅ ነው፣ ሁሉም በሃይማኖቱ ይኖራል፣ በሰላም ይነግዳል፣ እናንተን የነካ እኛን ነካ። ነጋሪቱ ብቻ ቀርቶ ማይክ ተተክቷል። ቀጥሎም ነጋዴው ማኅበረሰብ ለጸጥታው ሥራ የተለመደ ድጋፉን እንዲያደርግ ጠየቀ፤ በተለይ ተሽከርካሪ ያላቸው። ከጎኔ የተቀመጡት አማቴ ክንዴን ያዙኝ። አርጅተው ጆሯቸው ደክሟል፤ ይህችን ግን ሰሟት።

ስሜ ተጠራ። ኃላፊው «እናታችን» አለኝ፤ በዕድሜ ብዙ አንራራቅም።

ማይኩን ያዝሁ። ያሰብሁትን ሁሉ አልተናገርሁም፤ የተናገርሁትንም እንዳሰብሁት አልተናገርሁም። «አንድ ጥያቄ አለኝ» አልሁ። «የነገራችሁንን ቃል ከዚህ በፊት ሰምተነዋል። ዋሳችሁ ማን ነው?»

ኃላፊው ፈገግ አለ። «እናታችን፣ መንግሥት ነን እኮ። ሕገ መንግሥቱ አለ።»

«ባለቤቴም የሕግ ስም ጠርቶ ነው የሞተው። የማን ሕግ ሲሉት የሚጠራው ሰው አጣ። እኔ መጽሐፉን አልጠየቅሁም። ስትዋሹ የምይዘው ሰው ማን ነው?»

ዋርሳዬ ፊት ለፊት ተቀምጦ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ።

«ዋስ ከሌላችሁ እንቆራኝ» አልሁ። «የፊታችን ሰኞ እናቴን ልጠይቅ ብቸና እሄዳለሁ። በዚያው መንገድ። ኮትህን ከነጠላዬ ጋር ልቋጥረውና አብረን እንሂድ። ያለ አጀብ፣ እንደ እኛው በሚኒባስ። በሰላም ገብተን ከተመለስን የፈለግኸውን ታሪክ እዚህ ቆሜ እናገርልሃለሁ።»

ከኋላ በኩል አንድ ሰው ሳቀና ሳቁን ወደ ሳል ለወጠው። ኃላፊው ሰዓቱን አየ። እናታችን ሐዘን ላይ እንደሆኑ እንረዳለን፣ ፕሮግራሙም ገና ብዙ ነው አለ።

ያኔ ጎረቤታችን ቄሱ ከሽማግሌዎቹ መሃል ተነሡ። ባለቤቴ ከእሳቸው ጋር በየቀኑ በወሬ የሚደባደብ ወዳጃቸው ነበር። የእህታቸው ልጅ በዚያው መንገድ ቀርቷል፤ ሬሳው እንኳ አልተገኘም። በመቋሚያቸው ተደግፈው «እኔ ዋስ ነኝ፤ ሰኞ ከአንቺ ጋር እኔ እሄዳለሁ፤ በእኔ ላይ ቋጥሪው ልጄ» አሉ።

ጭብጨባ ተነሣ። ኃላፊው ከወንበሩ ብድግ ብሎ ያጨበጭብ ጀመር። «አያችሁ» አለ፤ «ይኸው ነው አብሮነት፤ ይኸው ነው ኢትዮጵያዊነት።» ፎቶ አንሺው እየሮጠ መጣ፤ ቄሱን ከእኔ አጠገብ ሊያቆማቸው ክንዳቸውን ያዘ።

ቄሱ ክንዳቸውን መነጨቁ። «ለማን ነው የምታጨበጭቡት?» አሉ። «ዋስ ጥሩ የተባላችሁት እናንተ ናችሁ። እኔ የተነሣሁት እናንተ ስለተቀመጣችሁ ነው። እፍረት ነው ያስነሣኝ እንጂ በዓል አይደለም።»

ጭብጨባው ወዲያው አልቆመም፤ ከኋላ ያሉት አልሰሙም ነበር። እየተንጠባጠበ ቆመ።

«ይቀመጡ አባ» አልኋቸው። «እርስዎንማ ምን ብዬ አስይዛለሁ? እርስዎም እንደኔ ዋስ የሚያስፈልግዎ ሰው ነዎት።»

«ነኝ» አሉና ተቀመጡ።

ማይኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ወጣሁ። አማቴን በክንዴ ደግፌ ስለነበር ቀስ ብለን ነው የወጣነው፤ ያ ሁሉ ሰው ሲያየን። ተቆጥቼ በሩን ወርውሬ ብወጣ ደስ ይለኝ ነበር፤ አሮጊት ይዞ ግን አይቻልም።

ዋርሳዬ ከእኛ በኋላ ደረሰ። በር ላይ ቆሞ ጮኸብኝ፤ በሕይወቱ ጮኾብኝ አያውቅም።

«አጠፋሽን። አንድ ታሪክ ብትናገሪ ምን ይጎልብሽ ነበር? ድሮም የምትሰሚው ታሪክ ነው።»

«ወንድምህ አምኖት ሞተ። አንተ ታምነዋለህ?»

«ማመኑን ማን ጠየቀሽ? መናገሩን ነው የተጠየቅሽው።»

«ባወራላቸውና ደግሞ ቢመጡብንስ? ያኔ ማንን ትጠራለህ?»

እናቱ «ጫማህን አውልቀህ ግባ፤ አለዚያም ውጣ» አሉት። ወጣ።

ከሰዓት በኋላ ምሳ ላደርስለት ሱቅ ሄድሁ። መዝጊያው በግማሽ ተዘግቷል። ጎንበስ ብዬ ስገባ ዋርሳዬ መሰላል ላይ ወጥቶ ጣቃዎቹን ከመደርደሪያ እያወረደ ነው። ጥሩ ጥሩውን ለይቶ በማዳበሪያ ከረጢት ከትቷል። ጓሮ በር ላይ የአህያ ጋሪ ቆሟል። ጎረቤት ሱቆችም መዝጊያቸው በግማሽ ነው፤ ከውስጥ ዕቃ ሲጎተት ይሰማል።

«ጥበቃ ሊያቆሙ አይደል?» አልሁት።

ዞሮ አላየኝም። «አቁመዋል» አለ። «ማዶ ሁለት ልጆች ቆመዋል። አይተሻቸው የለ?»

አይቻቸዋለሁ። አንደኛው የውሰት የሚመስል ጠመንጃ ይዞ ግድግዳ ተደግፎ ስልኩን ይነካካል።

«ወሬው ቶሎ ደርሷል» አልሁ፤ «ሁሉም ዕቃውን የሚያሸሸው በእኔ የተነሣ ነው?»

«የለም» አለ፣ ሌላ ጣቃ እያወረደ። «እነሱ የጀመሩት ከትናንት በስቲያ ነው፤ ኮንፈረንስ አለ ሲባል።»

እንግዲህ ያን ሁሉ ጊዜ ያውቅ ነበር። መንገዱ ሁሉ ያውቅ ነበር። እኔ መድረክ ላይ ወጥቼ እንዳስተማምናቸው የተላክሁላቸው ሰዎች፣ የኮንፈረንሱን ወሬ በሰሙበት ቀን ነው ጨርቃቸውን ያሸሹት፤ አዋጅ ከተነገረ ነገር አለ ማለት ነው ብለው። ባለቤቴ ብቻ ነበር ጭነቱን የሚያራግፈው።

ነጠላዬን ወገቤ ላይ አጥብቄ አሰርሁ። ዋርሳዬ ከላይ ያቀብለኛል፤ እኔ ከታች እቀበለዋለሁ። ጋሪው ሲሞላ ሰኞ በስንት ሰዓት እንደምሄድ ጠየቀኝ፤ ነገርሁት።

«አብሬሽ እሄዳለሁ» አለ።

«መንገድ ላይ ሰው ቢያስቆመንስ?»

«እተኛለሁ» አለ። «አንቺም ትተኛለሽ።»